ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት የጊታር አምፕ ቤት ውስጥ ያጉረመርማል፤ ክሩም ይነዝራል

ባለ_ስድስት_ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ) 15 ዋት ኮምቦ (ስፒከሩ አብሮት ያለ) አምፕ ከአሜሪካ መጥቶልኝ አዲስ አበባ ነው የምጠቀምበት። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ስለሚል ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ባለ 300 ዋት ትራንስፎርመር በኩል እሰካዋለሁ። ጊታሩ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዝ ባለ አንድ ጥቅል ማግኔት) አለው። በመሀል ሁለት ፔዳሎች አሉ፤ ሁለቱም ከአንድ የ9 ቮልት አዳፕተር ነው የሚሠሩት።

ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ክሩን ስነካ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቮልዩሙን ስጠመዝዝ «ቅርጭጭ» ይላል። ክሩን ይዤ ወደ ማይክ ስጠጋ ደግሞ ከንፈሬን ይነዝረኛል። አንዱ ወዳጄ «የስፒናውን ሦስተኛ እግር ቁረጣት፣ ዝም ይላል» አለኝ፤ ሌላው ኖይዝ ጌት (ድምፅ ሲያንስ መስመሩን የሚዘጋ ፔዳል) ግዛ ይላል። የቱን ልስማ?

ሽቦና_ሊድ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። ማይኩን አሁኑኑ ንቀል፤ ጫጫታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እግር ቁረጥ የሚለው ምክር አንዳንዴ በእርግጥ ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው። ግን ያቺ እግር ያለችው አንድ የመብራት ሽቦ ለቆ የአምፑን ቆርቆሮ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በሷ በኩል ወርዶ ብሬከሩን እንዲጥለው ነው። የጊታሩ ክር ደግሞ በኬብሉ የውጭ ሽፋን በኩል ከአምፑ ሻሲ (ከብረት አካሉ) ጋር ተያይዟል። ክሩን ያዝክ ማለት ሻሲውን ያዝክ ማለት ነው። ጌቱንም ለጊዜው ተወው፤ የሚዘጋው ስታቆም ብቻ ነው፣ ስትጫወት ጉርምርምታው ከድምፁ ጋር አብሮ ይወጣል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ጫጫታው በየት እንደሚገባ እንለየው። ጊታሩንም ኬብሉንም ከአምፑ ንቀል። የአብዛኛው አምፕ ኢንፑት ጃክ ምንም ካልተሰካበት ራሱን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ከውጭ የሚገባ ነገር አይኖርም። ቮልዩሙን ዜሮ አድርግ። አሁንም የሚያጉረመርም ከሆነ ምንጩ ከቮልዩሙ በኋላ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ፓወር ቲዩቦቹ ናቸው። ቮልዩሙን ስትከፍት አብሮ የሚያድግ ከሆነ ከቮልዩሙ በፊት ያለው ፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ) ነው። ቀጥለህ ጊታሩን ያለ ፔዳል በቀጥታ ሰካና የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርግ። ዜሮ ላይ ፒክአፑ ተዘግቷል ማለት ስለሆነ፣ አዲስ ጫጫታ ከመጣ ኬብሉን ወይም ጃኩን ጠርጥር። ከዚያ የጊታሩን ቮልዩም ክፈት። በመጨረሻ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ አስገባ፣ መጀመሪያ በባትሪ፣ ቀጥሎ በአዳፕተር።

በየደረጃው የድምፁን ከፍታ ልብ በል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ምታው፤ ያ ጂ (G) የሚባለው ኖታ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከሱ ጋር ከገጠመ 100 ኸርዝ ነው፤ በሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይረው) አልፎ የመጣና የፊልተር ካፓሲተሮቹ ያላጣሩት ማለት ነው። ከሱ በአንድ ኦክታቭ የሚወርድ ከሆነ 50 ነው፤ እሱ ከማግኔት፣ ከግራውንድ ሉፕ (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ሲገናኝ ከሚፈጠር ቀለበት) ወይም ከቲዩቦቹ ሂተር (ማሞቂያ ክር) ይመጣል። አሜሪካ ያላችሁ የእናንተ 60 እና 120 ስለሆነ፣ አምስተኛውን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ መትታችሁ ከሱ ትንሽ ዝቅ የሚለውን ፈልጉ። «ዝዝዝ» የሚል ስል ድምፅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ)፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ወይም ቻርጀር ነው፤ አንድ በአንድ እያጠፋህ አዳምጥ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጊታሩን ይዘህ ባለህበት ቀስ ብለህ ዙር። በአንድ አቅጣጫ ጎልቶ በሌላው የሚጠፋ ከሆነ ፒክአፑ የማግኔት መስክ እየያዘ ነው።

ቴስተር ካለህ ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ከአምፑ ሻሲ (ከኋላ ካለ ቀለም ያልተቀባ ብሎን) እስከ ግድግዳው ሶኬት የኧርዝ ብረት ለካና ቁጥሩን ጻፍልን።

ባለ_ስድስት_ክር፦

እናመሰግናለን፤ እንደተባለው አደረግኩ።

ሁሉም ተነቅሎ ቮልዩም ዜሮ ላይ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለ፤ ከሦስተኛው ፍሬት ጂ ጋር ይገጥማል። ጊታር ገብቶ ቮልዩሙ ዜሮ ሲሆን ለውጥ የለም። የጊታሩን ቮልዩም ስከፍት ሌላ ወፍራም ድምፅ ይጨመርበታል፤ ስዞር ይለዋወጣል፣ ወደ አምፑ ስጠጋ ይብሳል። ፔዳሎቹ በአዳፕተር ሲሆኑ ቀጭን ፉጨት አላቸው፤ በባትሪ ጸጥ ይላሉ።

ከሻሲ እስከ ኧርዝ 83 ቮልት አነበብኩ። የትራንስፎርመሩን ስፒና አገላብጬ ስሰካው 41 ሆነ፣ ጉርምርምታውም ትንሽ ቀነሰ። ትራንስፎርመሩ ባለ ሁለት እግር ስፒና ነው ያለው፤ የሚቀመጠው አምፑ ጀርባ ሥር ነው።

ራዲዮ_ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ለክተሃል፤ ሥራው ግማሽ አለቀ። አንድ አይደለም፣ አራት የተለያየ ጫጫታ ነው ተደርቦ የሚሰማህ፤ ለዚህ ነው አንድ ነገር ገዝቶ ማጥፋት የማይቻለው።

የሚነዝረውን እንጨርስ። የአምፕህ ሦስተኛ እግር ምንም ብትሆን የምትሰካው ባለ ሁለት እግር ትራንስፎርመር ላይ ነው፤ ኧርዙ እዚያ ተቆርጧል። ወዳጅህ ቁረጣት ያለህ እግር ድሮም አልሠራችም ማለት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ማውረጃዎች አብዛኞቹ ኦቶትራንስፎርመር ናቸው፤ አንድ ጥቅል ብቻ ነው ያላቸው፣ መግቢያና መውጫው አንዱን ሽቦ ይጋራል። የእኛ ክብ እግር ስፒና ደግሞ ተገልብጦ ይገባል። በአንድ በኩል ሲገባ የጋራው ሽቦ ኒውትራል ላይ ይሆንና ወደ አምፑ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ከመሬት አንጻር 0 እና 110 ይሆናሉ። ሲገለበጥ የጋራው ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) ላይ ይወድቅና 220 እና 110 ይሆናሉ። 83ው 41 የሆነልህ ለዚህ ነው። ቴስተሩ የሚያሳየው ቮልት የሚመጣው በትራንስፎርመሮቹ ኢንሱሌሽን በኩል ከሚያልፍ ጥቂት ከረንት ነው፤ ይነዝራል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። ግን ያ ኢንሱሌሽን አንድ ቀን ከተበላ ያው መንገድ ሙሉ 220 ያሳልፋል።

ማስተካከያው ይኸው፦ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብልና ኧርዝ ያለው ስፒና ትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ ይግባ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከትራንስፎርመሩ የብረት ሳጥን ጋር በብሎን ይታሰር፤ ከዚያው ብሎን ሌላ ሽቦ ወደ መውጫው ሶኬት የኧርዝ ቀዳዳ ይሂድ። ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ በባለ ሦስት ይቀየር። ሲያልቅ ሁሉም ተነቅሎ በቴስተር ከግድግዳ ስፒናው ኧርዝ እስከ አምፑ ሻሲ ለካ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የግድግዳው ኧርዝ እውነተኛ ሲሆን ነው። ፌዝና ኒውትራል መሀል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ኧርዝ መሀልም ከዚያው የተጠጋ፣ ኒውትራልና ኧርዝ መሀል ጥቂት ቮልት ብቻ ማግኘት አለብህ። ፌዝና ኧርዝ መሀል 60 ወይም 100 የመሰለ የሚዋልል ቁጥር ካየህ የኧርዙ ብረት ለጌጥ ነው፣ ከኋላው ሽቦ የለም። የቴስተሩ ንባብ ትክክል መስሎ ቢታይም ኤሌክትሪሻኑ በመሣሪያ ያረጋግጠው፤ በአንድ የላላ የሽቦ ክር የተንጠለጠለ ኧርዝም በቴስተር 220 ያሳያል።

ብዙ ቦታ የማየውን ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙታል። ቴስተር ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ኒውትራሉ ቆጣሪው ጋ የላላ ቀን ግን ቤት ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ፌዝ ይሆናል። የውሃ ቧንቧም አትጠቀም፤ ዛሬ ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ግቢ ውስጥ የኧርዝ ዘንግ የሚቀበር ከሆነ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚወድቅ) አብሮ ይግባ። የመሬቱ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን ፌዝ ሻሲውን ቢነካ የሚያልፈው 11 አምፔር ነው፤ ባለ 16 ብሬከር ለሱ አይወድቅም። የሊኬጁ ግን ይወድቃል።

ሽቦና_ሊድ፦

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። 220ን ወደ 110 አወርዳለሁ የሚል ሁሉ ትራንስፎርመር አይደለም። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ኮንቨርተሮች ሞገዱን በታይሪስተር እየቆራረጡ ነው የሚያሳንሱት፤ አምፕ ላይ «ዝዝዝ» ብቻ ሳይሆን የአምፑን ትራንስፎርመርም ያግላሉ። ልዩነቱ በክብደት ይታወቃል፤ እውነተኛ ባለ 300 ዋት ኪሎዎች ይመዝናል፣ ያኛው እንደ ሳሙና በእጅ መዳፍ ይያዛል።

ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ በተመሳሳይ ቮልት ብረቱ ውስጥ ያለው ፍለክስ (የማግኔት ፍሰት) በ20 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ይሞቃል፣ ራሱም በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል (በስፒከሩ ሳይሆን በብረቱ)። የማውረጃህን መውጫ ለካ። 110 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፣ የቲዩቦቹ ሂተርም ከ6.3 ወደ 5.8 ቮልት ቢወርድ ይችሉታል። 125 ካነበብክ ግን አይሆንም። ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የአምፑ ትራንስፎርመር እጅ የማያስነካ ከሆነ አጥፋው። አንዳንድ አምፕ ደግሞ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር የ230 መግቢያም አለው፤ ሽቦዎቹ ተሸፍነው ታጥፈው ይቀመጣሉ። ቴክኒሻን ሻሲውን ሲከፍት ይህን አስቀድሞ ይይ። ካለ ማውረጃው ጭራሽ አያስፈልግህም፤ ፊውዙ ግን በግማሽ ይቀንስ፣ 2 አምፔር የነበረው 1 ይሁን።

ስትዞር የሚለዋወጠው 50 ኸርዝ ከማውረጃውና ከአምፑ ትራንስፎርመር የሚወጣ የማግኔት መስክ ነው። ማውረጃውን ከአምፑ ጀርባ አውጥተህ ሁለት ሜትር ያህል አርቀው፤ አንተም ከአምፑ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ። መስኩ በርቀት በጣም ቶሎ ይደክማል።

ፉጨቱ አዳፕተሩ ነው። አንድ ስዊችንግ አዳፕተር ለሁለት ፔዳል ሲከፋፈል ፔዳሎቹ በኦዲዮ ኬብሉም በዲሲ ገመዱም ግራውንድ ይጋራሉ፤ ይህ ሉፕ ነው። በተለይ አንዱ ዲጂታል ዲሌይ ከሆነ ፉጨቱ ወደ ሌላው ይገባል። መውጫዎቹ እርስ በርስ ያልተገናኙ ሰፕላይ ግዛ፤ ወይም ዲጂታሉን ለብቻው በራሱ አዳፕተር አድርገው። ከመሰካትህ በፊት የሚሊ አምፔሩን ድምርና ፖላሪቲውን ተመልከት፤ አብዛኛው ፔዳል መሀሉ ኔጌቲቭ ነው።

ፎይል_ለባሽ፦

ስለ ሲንግል ኮይሉ፦ ሰው ጊታሩን ከፍቶ ውስጡን በኮፐር ፎይል ይለብጥና «አሁንም ያጉረመርማል» ብሎ ያማርራል። ፎይል የሚያቆመው የኤሌክትሪክ መስክን ነው፤ ያን «ዝዝ» የሚል፣ ክሩን ስትነካ የሚቀንሰውን። 50 ኸርዝ ማግኔት በቀጭን መዳብ እንደሌለ ሆኖ ያልፋል። ለሱ ሀምበከር (ጉርምርምታን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ)፣ ወይም የመሀሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ የፒክአፕ መምረጫውን ስዊች 2ኛ ወይም 4ኛ ቦታ ላይ ማድረግ ነው መፍትሔው። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ጸጥ የሚል ከሆነ ጊታርህ እንደዚያ ነው የተሠራው።

ክሩን ስትነካ ስለሚቀንስልህ የብሪጁ ግራውንድ ሽቦ አለ ማለት ነው። ክሩን ነክቶ ምንም ለውጥ ከሌለና የጃኩን ብረት ስትነካ ከቀነሰ ሽቦዋ ተበጥሳለች። ስትነካ የሚብስ ከሆነ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል።

ፎይል ከለበጥክ ሙጫው ኮንዳክቲቭ የሆነውን ምረጥ፤ ካልሆነ በየመገጣጠሚያው ጠብታ ሊድ አድርግ። ሲያልቅ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው በቴስተር ለካ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ጃክ ያለበት ቦታ ላይ የኬብሉ ጫፍ ሲገባ ፎይሉን እንዳይነካ አንድ ድርብ ማሸጊያ ለጥፍበት፤ ከነካ ጊታሩ ድምፅ አልባ ይሆናል።

ክራር_በጃክ፦

ይቅርታ፣ ርዕሱን ልቁረጥ። ክራር ላይ ፒዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቁራጭ) ለጥፌ የጊታር አምፕ ላይ ነው የምሰካው፤ ክሮቹ ናይለን ናቸው። ብነካውም ባልነካውም ያው «ዝዝዝ» ነው። ምን ይሻላል?

ፎይል_ለባሽ፦

እህቴ፣ ናይለን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ክሩን መንካትሽ ምንም አይለውጥም። ዋናው ችግር ግን ራቁቱን የተለጠፈው ፒዞ ነው፤ የነሐስ ፊቱ ግራውንድ፣ ነጩ ሴራሚክ ሲግናል ነው፣ ነጩ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። ነሐሱ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቅ፤ ነጩ ላይ ስስ ማሸጊያ፣ ከሱ በላይ ኮፐር ፎይል፣ ፎይሉም ከነሐሱ ጋር ይበየድ። ከፒዞው እስከ ጃኩ የሚሄደው ሽቦ ሽልድ ያለው ይሁን፣ ቢያጥር ይመረጣል። የጊታር አምፕ ኢንፑት ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ለፒዞ ስለሚያንስ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ አንቺም ለማካካስ ጌይን ስትጨምሪ ጫጫታው አብሮ ይነሳል። ትንሽ የፒዞ ፕሪአምፕ በመሀል አስገቢ።

ባለ_ስድስት_ክር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማውረጃው በኤሌክትሪሻን ባለ ሦስት ሽቦ ሆነ፣ ሊኬጅ ብሬከርም ገባ። ከሻሲ እስከ ኧርዝ አሁን 0.3 ቮልት ነው፣ መንዘሩ ቆሟል። ማውረጃው ሲርቅ 50ው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የቀረው ሁሉም ተነቅሎ የሚሰማው 100 ኸርዝና ቮልዩሙ ላይ ያለው ቅርጭጭ ነው።

ራዲዮ_ጠጋኝ፦

ተመስገን። ቅርጭጩ ሁለት ዓይነት ነው። በየትኛውም ቦታ ሲጠመዘዝ የሚጮህና ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ አቧራ ነው፤ ኮንታክት ክሊነር በቀዳዳው ነፍተህ ከጫፍ ጫፍ 20 ጊዜ አዙረው። ደብሊውዲ 40 አይደለም፤ እሱ ቅባት ይተውና ተጨማሪ አቧራ ይይዛል። ከጸዳም በኋላ የሚጮህ ከሆነ ቮልዩሙ ላይ ዲሲ እየገባ ነው፤ ከፊቱ ያለው፣ ዲሲ የሚያግደው ካፕሊንግ ካፓሲተር ያፈሳል፣ በተመሳሳይ ዋጋ ይቀየር።

100 ኸርዙን በተመለከተ ካፓሲተር ከማዘዝህ በፊት ፓወር ቲዩቦቹን ሞክር። 15 ዋት ብዙውን ጊዜ ጥንድ ኢኤል84 ናቸው። ሁለቱ እኩል ከረንት ሲስቡ የሰፕላዩ ጉርምርምታ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲደክም ግን ይሰማል። የተመሳሰለ ጥንድ ተውሰህ ካስገባህና ዝም ካለ አለቀ።

ካላለ ፊልተር ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ሳላይም እጠረጥራቸዋለሁ። አናቱ ያበጠ ወይም ሥሩ ፈሳሽ ያወጣ አይተህ ብቻ አትፍረድ፣ ደህና መስሎ የደረቀም አለ። ይህን ሥራ ቲዩብ አምፕ ለሚያውቅ ቴክኒሻን ስጥ። ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ ተነቅሎም እዚያ ይቆያል፤ እሱም ቢሆን በ10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሶ፣ 15 ሰከንድ ይዞ፣ በቴስተር ከ10 ቮልት በታች መሆኑን ሳያይ እጁን ማስገባት የለበትም። የሚተካው ማይክሮፋራዱ ከነበረው እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ ይሁን፤ 22 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት ለነበረው 22 በ500 ጥሩ ነው። «ይጨምር፣ ይሻላል» ብሎ የመጀመሪያውን ካፓሲተር ማሳደግ ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ከሆነ ቲዩቡን ይገድላል፤ ጠንካራ የሚባለው ጂዜድ34 እንኳ ወሰኑ 60 ነው። ፖላሪቲው ከተገለበጠ ደግሞ ይፈነዳል።

ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሲበራ በድሮው ባለ ክር 100 ዋት አምፖል በኩል በ220ው ጎን በተከታታይ ይግባ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ቀጥታ ሰካው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ንቀለውና የካፓሲተሮቹን ፖላሪቲ ከማየት ጀምሩ።